ካርዱ አለ፤ ፕሮግራሙ አያየውም

ኮምፓይለሩ አንድም ቅሬታ አላሰማም። ክፍሎቹን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው ሊንከርም ሥራውን ጨርሶ ዝም አለ። ፕሮግራሙን ስናስነሳው ግን ወዲያው ቆመ፤ ያገኘሁት የኤተርኔት ፖርት ብዛት ዜሮ ነው አለን። ሰርቨሩ ላይ ባለ ሁለት ፖርት፣ የ10 ጊጋቢት የኢንቴል ካርድ ተሰክቷል። የፋይበሩ መብራት አረንጓዴ ነው። ማዶ ያለው ስዊች ፓኬት እየላከ ነው።

ፕሮግራሙ የኔትወርክ ትራፊክ እየቆጠረ በዓይነት በዓይነቱ የሚለይ መከታተያ ነው። የተሠራው ዲፒዲኬ በተባለው የላይብረሪ ስብስብ ላይ ሲሆን፣ ስብስቡ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከርነል አልፎ ካርዱን በቀጥታ ያናግራል። መከታተያው ዓመታት ሠርቷል። ያቆመው ዲፒዲኬን ወደ አዲስ እትም ባሳደግን ማግስት ነው። በራሳችን ኮድ ላይ ከጥቂት የስም ለውጥ በቀር የተነካ ነገር አልነበረም።

ሰው ግን ከርነሉን ማለፍ ለምን ያስፈልገዋል? ጉዳዩ የሒሳብ ነው። ትንሹ የኤተርኔት ፓኬት 64 ባይት ነው። መስመር ላይ ሲወጣ ከፊቱ 8 ባይት መቀስቀሻ፣ ከኋላው ደግሞ የ12 ባይት ያህል ባዶ ክፍተት ይጨመርበትና 84 ባይት ይሆናል። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ እንዲህ ያለ ፓኬት በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ያልፋል፤ ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው 67 ናኖ ሰከንድ ነው ማለት ነው። የ3 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚመታው ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ካሽ ውስጥ ያልተገኘ ዳታ ከዋናው ሜሞሪ አንዴ ለማምጣት እንኳ ይህ ሁሉ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል።

በተለመደው አሠራር ከርነሉ ለያንዳንዱ ፓኬት በፈር ይመድባል፣ ፓኬቱን በፕሮቶኮል ንብርብሮች ውስጥ ያሳልፋል፣ በመጨረሻም ይዘቱን ከራሱ ሜሞሪ ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይገለብጣል። ጭነቱ ሲበዛ ነገሩ ከመዘግየትም ያልፋል። ጄፍሪ ሞጉልና ኬ. ኬ. ራማክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ካርዱ ፓኬት በመጣ ቁጥር ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥ ከሆነ ማሽኑ ጊዜውን ሁሉ በመቀበል ያጠፋና አንዱንም ፓኬት ለባለቤቱ ሳያደርስ ይውላል። ሥራ ላይ ነው፤ የሠራው ሥራ ግን የለም።

መፍትሔ ፍለጋው ከብዙ ቦታ ቢመጣም የጣሊያኗ ፒሳ በዚህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ትነሳለች። ሉካ ዴሪ በ2004 ፒኤፍ ሪንግን ይዞ ቀረበ፤ ከርነሉና ፕሮግራሙ በጋራ የሚያዩትን ክብ ወረፋ አዘጋጅቶ፣ ፕሮግራሙ ለያንዳንዱ ፓኬት ከርነሉን ከመጥራት እንዲድን አደረገ። ከዚያ የፒሳ ዩኒቨርሲቲው ሉዊጂ ሪዞ በፍሪቢኤስዲ ላይ አንድ ፓኬት ተልኮ እስኪወጣ በየደረጃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለካ። ድምሩ ወደ 950 ናኖ ሰከንድ ሆነ፤ የነበረው በጀት 67 ነው። በዚህ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ኔትማፕን ሠራ። በ2012 ባቀረበው ጥናት፣ ፍጥነቱ 900 ሜጋኸርትዝ ብቻ የሆነ አንድ ኮር የ10 ጊጋቢቱን መስመር በ14.88 ሚሊዮን ፓኬት ሞልቶ አሳየ። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ የቀነሰው ግልበጣው፣ በየፓኬቱ የሚደረገው ምደባና ወደ ከርነል መመላለሱ ነው።

ከኢንቴል የመጣው ዲፒዲኬ አንድ እርምጃ ጨመረ። ፒኤፍ ሪንግም ሆነ ኔትማፕ ሲነሱ ድራይቨሩን ከርነሉ ውስጥ ትተውት ነበር። ዲፒዲኬ ድራይቨሩን ራሱን ከከርነል አውጥቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተው። በ2013 ሲክስዊንድ የተባለው ኩባንያ የክፍት ኮድ ማኅበረሰቡን ጀመረ፤ በ2017 ፕሮጀክቱ ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ገባ። ዛሬ በቴሌኮምና በዳታ ሴንተር ሥራ ውስጥ ስሙን ያልሰማ መሐንዲስ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ሰርቨራችን እንመለስ። የፖርት ብዛት ዜሮ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የታወቁ ናቸው። ካርዱ ከሊኑክስ ድራይቨር ተላቆ ቪኤፍአይኦ ለተባለው አሳላፊ ተሰጥቷል? ተሰጥቷል፤ የሊኑክስን የኔትወርክ ዝርዝር ስናወጣ ሁለቱ ፖርቶች ከዝርዝሩ ጠፍተዋል፤ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። ካርዱ የሚደርስበትን ሜሞሪ የሚቆጣጠረው አይኦኤምኤምዩ በርቷል? በርቷል። ሂዩጅ ፔጅ የሚባለው ትልልቅ የሜሞሪ ገጽ ተይዟል? እያንዳንዳቸው 2 ሜጋባይት የሆኑ 1,024 ገጾች፣ በድምሩ 2 ጊጋባይት፣ ተይዘው ተቀምጠዋል። ፈቃዱስ? ፕሮግራሙን ያስነሳነው ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ፣ በሩት ነው።

ባልደረባዬ ከመጠርጠር ይልቅ ማወዳደር መረጠች። ዲፒዲኬ ከራሱ ጋር ቴስትፒኤምዲ የሚባል መፈተሻ ይዞ ይመጣል። በዚያው ሰርቨር፣ በዚያው ካርድ ላይ አስነሳችው። ሁለቱንም ፖርት ወዲያው ቆጠረ።

«በቃ፣ ካርዱን ተወው» አለችኝ። «ችግሩ እኛ ፋይል ውስጥ ያለ ነገር ነው። ወይም የሌለ።»

የሌለ የሚለው ትክክል ሆነ። ኤንኤም የተባለው መሣሪያ አንድ የተገጣጠመ ፕሮግራም ውስጥ ያሉትን የተግባርና የተለዋዋጭ ስሞች ይዘረዝራል። የካርዳችን ድራይቨር ስም አይኤክስጂቢኢ ነው። በቴስትፒኤምዲ ፋይል ውስጥ በዚህ ስም የሚጀምሩ ተግባሮች ስክሪኑን ሞልተው ወረዱ። በእኛ ፋይል ውስጥ ፍለጋው አንድም መስመር አልመለሰም። የማገጣጠሚያ ትእዛዛችንን ብናይ የድራይቨሩ ላይብረሪ በስሙ ተጠቅሷል፤ ፋይሉም በቦታው አለ። ሊንከሩ ከፍቶት፣ አይቶት፣ ምንም ሳይወስድ ዘግቶታል።

ሊንከሩ ይህን ያደረገው በሕጉ መሠረት ነው። የማይንቀሳቀስ ላይብረሪ፣ ማለትም ስሙ በነጥብ ኤ የሚያልቀው፣ የብዙ ትናንሽ ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎች ጥቅል ነው። ሊንከሩ ወደ ጥቅሉ ሲመጣ ገና ያልተፈቱ ስሞች ዝርዝር በእጁ ይዟል፤ እገሌ የተባለ ተግባር ተጠርቷል፣ አካሉ ግን እስካሁን አልተገኘም የሚል ዝርዝር። ከጥቅሉ ውስጥ ከነዚህ ስሞች አንዱን የያዘውን ፋይል ይወስዳል፤ የቀረውን ይተወዋል። አንድ ተግባር የሚፈልግ ሰው ሙሉ ላይብረሪ እንዳይሸከም የተበጀ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ ቁጠባ ነው።

የዲፒዲኬ ድራይቨር ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ፕሮግራማችን የሚጠራው አጠቃላይ ተግባሮችን ነው፦ ፖርቶቹን ቁጠር፣ ፖርቱን ክፈት፣ ፓኬት አምጣ። ካርዱ የኢንቴል ይሁን የሌላ፣ የምናውቀው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ድራይቨር ኮንስትራክተር የሚባል ትንሽ ተግባር ይዟል፤ እሱም ዋናው ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በራሱ ጊዜ ተነስቶ «እኔ አለሁ፣ እነዚህን ካርዶች አውቃለሁ» ብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ኮንስትራክተር ማለት ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነው። ሊንከሩ ደግሞ የተጠራን እንጂ ሌላ አያስገባም። አቤት ባዩ ደጅ ላይ ቀረ፤ መዝገቡ ባዶ ሆነ፤ ፕሮግራማችንም ባዶ መዝገብ ቆጥሮ ዜሮ አለ። በመካከሉ ስህተት የሠራ አካል የለም፤ ለዚህ ነው የስህተት መልእክትም ያልነበረው።

ታዲያ እስከዚያ ቀን እንዴት ሠራ? የቀድሞዎቹ የዲፒዲኬ እትሞች የራሳቸው የሜክ ፋይሎች፣ ማለትም የግንባታ መመሪያዎች፣ ስብስብ ነበራቸው። የተጠቃሚውን ፕሮግራም የሚያገጣጥሙት እነሱ ነበሩ፤ ሆል አርካይቭ የተባለውን የሊንከር ትእዛዝም በስውር ይጨምሩ ነበር። ትእዛዙ «ከዚህ ጥቅል የሚመረጥ የለም፣ ተጠራም አልተጠራም ሁሉንም አስገባ» ይላል። በ2020 መጨረሻ በወጣው 20.11 እትም ያ የሜክ ሥርዓት ተወገደ፤ ቦታውን ሜሰን የተባለው መገንቢያ ወሰደ። እኛም እትሙን ስናሳድግ የላይብረሪዎቹን ስም በእጅ ዘርዝረን አዲስ የሜክ ፋይል ጻፍን። ስሞቹ ሁሉ አሉ፤ ስውሩ ትእዛዝ ግን ከአሮጌው ሥርዓት ጋር አብሮ ሄዷል።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ የታየን አቋራጭ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ከሊኑክስ ሥርጭቱ የተጫነ ተመሳሳይ የዲፒዲኬ እትም አለ፤ ድራይቨሮቹ በጋራ ላይብረሪ መልክ፣ በነጥብ ኤስኦ ፋይል ተቀምጠዋል። ዲፒዲኬ ሲነሳ እንዲህ ያለ ፋይል በትእዛዝ መስመር ሊሰጠው ይችላል። ሰጠነው። ጫነው፤ ኮንስትራክተሩም ሮጠ። ፖርት ግን አሁንም ዜሮ።

ይህ ከመጀመሪያውም የባሰ እንቆቅልሽ ነበር። አሁን ድራይቨሩ አለ፣ ተመዝግቧል፤ ፕሮግራሙ ግን አያየውም። መልሱ የተገኘው ሊኑክስ ለያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን የሜሞሪ ካርታ ስንከፍት ነው። ካርታው በፕሮግራሙ የአድራሻ ክልል ውስጥ የተጫነውን ፋይል ሁሉ በመስመር በመስመር ያሳያል። የድራይቨሩ ነጥብ ኤስኦ ብቻውን አልመጣም። የሚደገፍባቸውን የዲፒዲኬ ዋና ላይብረሪዎችም በጋራ መልካቸው ጎትቶ አስገብቷል። የእኛ ፕሮግራም ግን እነዚያኑ ላይብረሪዎች ቀድሞ በማይንቀሳቀስ መልክ ሆዱ ውስጥ ይዟል። ስለዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት መዝገቦች ተፈጠሩ። ድራይቨሩ በአንደኛው ላይ ሰፈረ፤ ፕሮግራማችን ሌላኛውን አነበበ። አንዲት ፓኬት እንዳትገለበጥ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ራሱ ተገልብጦ ተቀመጠ።

አቋራጩን ትተን ወደ ሜክ ፋይሉ ተመለስን። የካርድ ድራይቨሩን ላይብረሪ በሆል አርካይቭ አቀፍነው። ኤንኤም አሁን ስሞቹን አወጣ፤ ፕሮግራሙም ሁለቱን ፖርቶች ቆጠረ። ከዚያ ሁለት መስመር እንኳ ሳይሄድ እንደገና ቆመ። የፓኬት ማጠራቀሚያውን መፍጠር አልተቻለም፤ የስህተት ቁጥር 22።

ይህ ማጠራቀሚያ ዜሮ ኮፒ የሚባለው ፓኬትን ሳይገለብጡ የመቀበል አሠራር ልብ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዲፒዲኬ ፓኬት በመጣ ቁጥር ሜሞሪ አይለምንም። ሲነሳ ሺህ በሺህ እኩል መጠን ያላቸው በፈሮችን በሂዩጅ ፔጅ ላይ አስቀድሞ ይደረድራል። በተለመደው ልክ እያንዳንዱ በፈር ለፓኬቱ 2,048 ባይት፣ ከፊቱ ራስጌ ለመጨመሪያ የተተወ 128 ባይት፣ በላዩም ስለ ፓኬቱ መረጃ የሚይዝ 128 ባይት መግለጫ አለው። ፕሮግራሙ የባዶ በፈሮችን አድራሻ ለካርዱ ይሰጣል። ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ፓኬቱን በቀጥታ እዚያ ላይ ይጽፋል። ፕሮግራሙ የሚቀበለው አድራሻውን ብቻ ነው፤ ፓኬቱ ከመጣ እስኪሄድ ከወደቀበት ቦታ አይነቃነቅም። ገጾቹ ትላልቅ የሆኑበትም ምክንያት አለ፤ አንድ ባለ 2 ሜጋባይት ገጽ የ512 ተራ ገጾችን ቦታ ስለሚሸፍን፣ ፕሮሰሰሩ አድራሻ ሲተረጉም የሚያገላብጠው ሠንጠረዥ በዚያው ልክ ያጥራል።

ሜሞሪ አልፈጥርም ያለ ፕሮግራም ሲገጥም ሁሉም የሚያየው ወደ ሂዩጅ ፔጅ ነው። እኔም ቁጥሩን ከፍ እናድርገው አልኩ። ባልደረባዬ ሒሳቡን አስቀደመች። የጠየቅነው 8,191 በፈር ነው፤ ቢበዛ 20 ሜጋባይት ገደማ። ያለው 2 ጊጋባይት ባዶ ሜሞሪ ነው።

«ደግሞ ቁጥሩን እየው» አለች። «ሜሞሪ ቢያንስ 12 ይል ነበር። 22 ሜሞሪ የለም ማለት አይደለም፤ የሰጠኸኝ ነገር ልክ አይደለም ማለት ነው።»

ሊኑክስ ላይ ቁጥሮቹ በእርግጥ እንዲያ ናቸው፤ 12 ሜሞሪ መመደብ አልቻልኩም፣ 22 ደግሞ የተሳሳተ ግብዓት ነው። እኛ ግን የሰጠነው ግብዓት ዓመታት የሠራው ነበር። ስለዚህ የዲፒዲኬን ኮድ ከፍተን ያ ቁጥር ከየት እንደሚወጣ ተከተልነው።

ማጠራቀሚያው ባዶ በፈሮችን የሚያድልና የሚሰበስብ አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል። አስተዳዳሪዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንድ ቺፖች በሃርድዌራቸው ውስጥ የራሳቸው አላቸው። የተለመደው ግን ብዙ ኮሮች ያለ ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚያስገቡበትና የሚያወጡበት ክብ ወረፋ ነው። ዲፒዲኬ እነዚህን በ16 ቦታ ሠንጠረዥ ውስጥ ይመዘግባል። ማጠራቀሚያ ሲፈጠር ሠንጠረዡን እየዞረ የተፈለገውን አስተዳዳሪ ስም ፊደል በፊደል ያወዳድራል፤ ካላገኘው 22ን ይመልሳል። ሠንጠረዡን የሚሞላው ማነው? ኮንስትራክተር። የክብ ወረፋው አስተዳዳሪ የሚኖረውስ የት ነው? በራሱ ላይብረሪ ውስጥ፣ እንደ አንድ ድራይቨር ተቆጥሮ። ያ ላይብረሪ ደግሞ በእጅ በጻፍነው ዝርዝር ውስጥ ከሆል አርካይቭ አጥር ውጭ ነበር።

እዚህ ላይ የነገሩ ባሕርይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፕሮግራሙ አስተዳዳሪውን በእርግጥ ይጠራዋል፤ የሚጠራው ግን በጥቅስ ውስጥ በተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ሊንከሩ የሚያነበው የተግባር ስም እንጂ ጽሑፍ አይደለም። በሊንከሩ ዓይን ያ ላይብረሪ የሚፈልገው የሌለ ትርፍ ዕቃ ነው። ሁለቱ ብልሽቶች፣ አንዱ በካርድ ስም፣ ሌላው በሜሞሪ ስም ቢመጡም፣ ምንጫቸው አንድ ነበር።

የመጨረሻው ጥገና በእጅ የተጻፈውን ዝርዝር መሰረዝ ሆነ። ዲፒዲኬ ሲገነባ ፒኬጂ ኮንፊግ ለተባለው መሣሪያ የሚሆን መግለጫ ፋይል አብሮ ያወጣል። ለማይንቀሳቀስ ማገጣጠም ሲጠየቅ ላይብረሪዎቹን በተገቢው ቅደም ተከተል፣ ሆል አርካይቭንም በትክክለኛው ቦታ አድርጎ ይመልሳል። ሜክ ፋይሉ አሁን የሚጠይቀው እሱን ነው። ሁሉንም በጋራ ላይብረሪ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ዲፒዲኬ በዚያ መንገድ ሲገነባ ድራይቨሮቹን ከተወሰነ ዳይሬክተሪ በራሱ ፈልጎ ይጭናል። ድራይቨሮቹን በማገጣጠሚያው ትእዛዝ ላይ ብቻ ዘርዝሮ መተው ግን እዚያም አያዋጣም። ኡቡንቱን የመሰሉ ሥርጭቶች ሊንከራቸውን ካልተጠራ ላይብረሪ ጋር እንዳያገናኝ አስቀድመው ያዝዙታል።

የሚገርመው ከርነሉን መልሶ መሃል ያስገባው አማራጭ እንኳ ከዚህ በዝምታ የማጉደል ጠባይ ነጻ አለመሆኑ ነው። ሊኑክስ በ2018፣ በ4.18 እትሙ፣ ኤኤፍ ኤክስዲፒን ይዞ መጣ። በዚህ አሠራር ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ የበፈር ሜሞሪውን አዘጋጅቶ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በወረፋዎች አድራሻ ይቀባበላሉ። ድራይቨር ፍለጋው በሊንከሩ ላይ አይወድቅም፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የካርዱ ድራይቨር ዜሮ ኮፒን የማይደግፍ ከሆነና ፕሮግራሙ የግድ ይሁን ብሎ ካላዘዘ፣ ከርነሉ ዝም ብሎ ወደ ግልበጣ ይመለሳል። ፓኬቱ ይደርሳል፣ ቆጠራውም ይሠራል፤ የጠፋው ነገሩ የተሠራበት ፍጥነት ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። ከርነሉ በመካከል ሲቆም ዘገምተኛ ነው፤ ግን ድራይቨር ይፈልጋል፣ ሜሞሪ ያድላል፣ የጎደለውን ይናገራል። እሱን ስናልፈው ሥራው አይጠፋም፤ ለሥራው ያልተፈጠሩ እጆች ውስጥ ይወድቃል። ካርድ መኖር አለመኖሩን ሊንከር የሚወስንበት ሁኔታ የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ሊንከሩ ይህን ሥልጣን እንደያዘ አያውቅም፤ ስለዚህ ሲያጎድልም አይናገርም።

መናገሩ እንግዲህ የፕሮግራሙ ድርሻ ሆነ። መከታተያችን ዛሬ ሲገነባ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ኤንኤምን ጠርቶ የድራይቨሩንና የማጠራቀሚያውን አስተዳዳሪ ስም በውጤቱ ፋይል ውስጥ ይፈልጋል፤ አንዱ ከጠፋ ግንባታው እዚያው ይወድቃል። ሲነሳም ካርድ ከመንካቱ በፊት የተመዘገቡትን ይዘረዝራል፤ የሚጎድለውን ላይብረሪ በስሙ ጠቅሶ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ሰው ወደ ቡድናችን ሲመጣ ካርዱን ነቅሎ መሰካት ወይም ሂዩጅ ፔጅ መጨመር አይጀምርም፤ መልእክቱን አንብቦ በቀጥታ ወደ ሜክ ፋይሉ ይሄዳል።